የራፕ ዘፋኝ ዕድገት በምን ይለካል?

በዛሬው ጊዜ በከተሞቻችን ወጣቶች ዘንድ እንደ ራፕ የሚወደድ፣ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ዘንድ ደግሞ እንደ ራፕ የሚነቀፍ የዘፈን ዐይነት ያለ አይመስለኝም። ወዳጁና ነቃፊው ግን ሳያስቡት በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ይኸውም ስለ አንድ ዘፋኝ በተጠየቁ ጊዜ ሁለቱም ቍጥር መጥራታቸው ነው። ወዳጁ «ነጠላ ዜማው በዩቲዩብ ይህን ያህል ሚሊዮን ጊዜ ታይቷል» ብሎ ይመካል፤ ነቃፊው «ይህን የመሰለ ነገር ይህን ያህል ሚሊዮን ጊዜ ታየ!» ብሎ ያዝናል። ዘፋኙ ከአምናው ዘንድሮ ምን ያህል እንደ ተሻለ፣ ቃሉ እንደ ጠለቀ ወይም እንደ ደረቀ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። አነጋገራችን ራሱ ያሳስተናል። አንድ ዘፋኝ «አደገ» ስንል ብዙ ጊዜ ቤት ሠራ፣ መኪና ገዛ ማለታችን ነው። ስለ ግጥሙ የሚነገር ሌላ «አደገ» እንዳለ የምናስታውሰው ዘፋኙ ከሞተ በኋላ ነው።

ራፕ በሙዚቃ ምት ላይ የሚነገር ግጥም ነው። ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች መነሻውን ነሐሴ 1965 ዓ.ም በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል፣ ከጃማይካ የመጣ ኩል ኸርክ የተባለ ወጣት ሸክላ ባጫወተበት ግብዣ ያደርጉታል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ በምት እየተናገሩ ራስን ማወደስ፣ ባላጋራን መግጠም፣ በሕዝብ ፊት በቃል መወዳደር ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አማራው ፉከራና ቀረርቶ አለው፤ ኦሮሞው ጌራርሳ አለው፤ አዝማሪውም ማሲንቆውን ይዞ ከተሰብሳቢው ጋር በግጥም የሚመላለስበት ልማድ አለው። ራፕ የእነዚህ ልጅ ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን እንግዳውን የምንመዝንበት ሚዛን ከቤታችን ሳይጠፋ ከውጭ መበደር አያስፈልገንም ባይ ነኝ።

ከጌራርሳ አንድ ሕግ እንዋስ። በቀድሞው ዘመን ጌራርሳ ማንም ተነሥቶ የሚለው ነገር አልነበረም። በጦር ሜዳ የዋለ ወይም ታላቅ አውሬ የጣለ ሰው በወገኑ ፊት ሥራውን የሚናገርበት ነበር፤ ሳይሠራ የፎከረ ሰው ያፍራል። በአማራውም ዘንድ «ዘራፍ» ብሎ የተነሣ ሰው የዋለበትን ቦታ ይጠራል። እንግዲህ ፉከራ በግጥም የሚሰጥ ምስክርነት ነው ማለት ነው፤ የሰሚውም ሥራ «እውነት እዚያ ውሏልን?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የዛሬውን ራፕ በዚህ ሕግ ብንመለከተው ብዙው ይወድቃል። ዘፋኙ ስለ መኪናው ይፎክራል፤ በክሊፑ የሚታየው መኪና የኪራይ ነው። ስለ ወርቁ ይፎክራል፤ ወርቁም የተዋሰው ነው። ይህ ግን ቀላሉ በሽታ ነው፤ የሚያሥቅ እንጂ የሚያሳዝን አይደለም። ነገሩ የሚከፋው ገንዘቡ በእውነት በመጣ ጊዜ ነው። ዘፋኙ ድኻ በነበረበት ጊዜ የሚናገረው ነገር ነበረው፤ የቤት ኪራይ፣ የእናቱ ድካም፣ «የትም አትደርስም» ያሉት ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ዘፈኑ ሕዝብ ሲወድድለት ያ ሁሉ ያልፋል። መኪናው የራሱ ይሆናል፤ ፉከራውም እውነት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግጥሙ ያልቃል። ሀብት ማግኘት አንድ ጊዜ ሲነገር ታሪክ ነው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲነገር ግን የሒሳብ መዝገብ ንባብ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ዘፋኞች ከሁለት መንገዶች አንዱን ይይዛሉ፤ ወይ ያለፈውን ድኽነት አሁንም እንዳለ አድርገው ይዘፍኑታል፣ ወይም የመጀመሪያውን ዘፈናቸውን ልብሱን እየለዋወጡ ደጋግመው ያወጡታል።

ሁለተኛውን ሚዛን ከቅኔ ቤት እናምጣው። የቅኔ ተማሪ ከባለሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ደረጃ በደረጃ ባለስምንት ቤት እስከ ሆነው መወድስ ይደርሳል። በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል፣ ይነቅፋል። ትናንት የነገረውን ዛሬ ይዞ ቢመጣ፣ የትናንቱ የቱን ያህል ቢመሰገንም፣ ቅኔ ነገረ አይባልም። ካህናት «ቅኔ አይደገምም» የሚሉት ለዚህ ነው። የቤተ ክርስቲያንን ጥበብ ከጭፈራ ቤት ዘፈን ጋር ማነጻጸሬ ቅር የሚያሰኛቸው አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። እኔ የማነጻጽረው የሁለቱን ክብር አይደለም፤ የሚያሳድገውን ሥርዐት ነው። የቅኔ ቤት ሰሚ «አዲስ አምጣ» ይላል፤ የገበያ ሰሚ «ያንኑ ድገም» ይላል። ዘፋኙን የሚገድለው ይህ ሁለተኛው ቃል እንጂ የሚከፈለው ገንዘብ አይደለም።

ገንዘብ የጥበብ ጠላት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አነጋገራቸው የከበረ ይመስላል፤ ታሪካችን ግን አያግዛቸውም። አዝማሪ ከጥንት ጀምሮ የሚዘፍነው ለሽልማት ነው። አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም ሸክላ ማሳተም ሲጀምሩ ነጋዴ ነበሩ፤ ሸክላ የማሳተም ፈቃድ የአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነው በሚባልበት ዘመን ይህን ማድረጋቸውም የነጋዴ ድፍረት ነበር። እስከ 1967 ዓ.ም ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና ደርዘን ያህል አልበሞች አወጡ። የአለማየሁ እሸቴና የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ዛሬ በዓለም ላይ ከሚታወቁበት ምክንያት አንዱ ይህ ንግድ ነው። ነጋዴ ሆኖ አዲስ ነገር የሚገዛ ሰው እንደሚገኝ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

ከዚያ በኋላ የካሴት ዘመን መጣ። ሙዚቃ ቤቱ ለዘፋኙ አንድ ጊዜ ከፍሎ ሥራውን ይወስድ ነበር። አከፋፈሉ ብዙ ቅሬታ ነበረበት፤ ነገር ግን አንድ በጎ ነገር ነበረው። ካሴቱ ዐሥር ያህል ዘፈን ይይዛል፤ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ገበያውን ሲስቡ የቀሩት ሰባቱ በእነርሱ ጥላ ሥር ይኖራሉ። ዘፋኙ አዲስ አካሄድ የሚሞክረው፣ የሚሳሳተውና የሚማረው በእነዚያ ሰባት ዘፈኖች ነበር። ሕገወጥ ቅጂ ሙዚቃ ቤቶችን አደከመ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም ደግሞ ተሻሻለ። ሕጉ እየተሟላ ሲሄድ ካሴቱ ራሱ ከገበያ ጠፋ። አሁን ያለነው በነጠላ ዜማ ዘመን ነው። እያንዳንዱ ዘፈን ብቻውን ይወጣል፤ ብቻውን ይቈጠራል፤ ብቻውን ማትረፍ አለበት። ለስቱዲዮና ለክሊፕ የወጣው ገንዘብ የሚመለሰው በኮንሰርት፣ በሠርግና በማስታወቂያ ሥራ ሲሆን፣ የሚጠራውም ሰው የሚፈልገው የታወቀውን ዘፈን ነው። ጥላ የሚሆን ዘፈን ስለሌለ መሳሳቻ ቦታም የለም። የዘመኑ ወጣት ሰነፍ ነው ብሎ መፍረድ ይህን አለማየት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል በአማርኛ ራፕ የሠሩት ሰዎች ያደረጉትን ማቃለል አይገባም። ቴዲ ዮ በ«ጉራጌ ቶን» የጉራጌን የጭፈራ ምት ከራፕ ጋር ባጋባ ጊዜ ራፕ የአሜሪካን ከበሮ ሳይዝ መቆም እንደሚችል አሳየ። የእርሱ ሥራ ግኝት ነበር፤ ከእርሱ በኋላ በመጡት በብዙዎቹ እጅ ግን ግኝቱ እንደ ወጥ አሠራር መመሪያ ሆነ። የአንድ ብሔረሰብ ምት ይወሰዳል፤ ሁለት ስንኝ ራፕ ይጨመርበታል፤ ክሊፑ በባህል ልብስ ይነሣል፤ አለቀ። ልጅ ሚካኤል ደግሞ ራፕ ዘፋኝ በሌላ ሰው ዘፈን መካከል ገብቶ ጥቂት ስንኝ የሚወረውር እንግዳ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሙሉ አልበም ሊሸከም እንደሚችል «ዛሬ ይሁን ነገ» ባለው ሥራው አሳይቷል። «አትገባም አሉኝ» የተባለው የኋለኛው አልበሙ ርእስም ከጌራርሳ ሕግ ጋር ይስማማል፤ ከበር የተመለሰ ሰው የዋለበትን ቦታ ይናገራልና።

ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል፤ የራፕ ዘፋኝ ማደግ አለማደጉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው በቋንቋው ላይ ነው። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በግስ ያልቃል። ስለዚህ «መጣሁ፣ ወጣሁ፣ ጠጣሁ» እያሉ ቤት መምታት ምንም ጥበብ አይጠይቅም፤ ቤቱን የሚመታው ሰዋስዉ ራሱ ነው። ጀማሪው በዚህ ይደሰታል። እያደገ የሄደ ገጣሚ ግን የዐረፍተ ነገሩን ሥርዐት ሰብሮ፣ ስንኙን በስም ወይም በቅጽል ዘግቶ፣ ያልተጠበቀ ቃል ካልተጠበቀ ቃል ጋር ያጋጥማል። ሌላም አለ። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ዋና» ሲላላ በውሃ ላይ መዋኘት ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ወይም ተቀዳሚ ማለት ነው። በዜማ የሚዘፍን ሰው ድምፁን ሲያስረዝም ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል፤ ራፕ ግን ንግግር ስለ ሆነ መጥበቅና መላላቱ ጥርት ብሎ ይሰማል። ለሰምና ወርቅ ከዚህ የሚመች የዘመን መሣሪያ አላውቅም። ኦሮምኛም በድምፅ ማጠርና መርዘም፣ በመጥበቅና በመላላት ትርጕም የሚለዋውጥ ቋንቋ ነውና ያው ሀብት አለው። ይህን ሀብት ከነኩት ይልቅ ሳይነኩት ያለፉት መብዛታቸው የገበያው ውጤት ነው፤ ድጋሚ የማይሰማ ዘፈን ሰምና ወርቅ አያሻውም።

ከአገር ውጭ ያሉትን ሁለት ሰዎች ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የመጀመሪያው ኒፕሲ ሐስል በሚል ስም የታወቀው ኤርሚያስ አስገዶም ነው፤ አባቱ ኤርትራዊ ነው፤ ያደገው በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። ይህ ሰው ለብዙ ዓመታት ሥራውን በነጻ ሲያድል ከቆየ በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም «ክረንሾ» የተባለውን ስብስብ 1,000 ቅጂ ብቻ አትሞ፣ አንዱን በ100 ዶላር ሸጠው። ያው ሥራ በኢንተርኔት በነጻ ይገኝ ነበር፤ የሚያከብረው ሰው ግን ከፍሎ ገዛ። ሚሊዮን ሰሚ ከመፈለግ ይልቅ ሺህ ሰሚ መረጠ ማለት ነው። ባደገበት ሰፈር ሱቅ ከፈተ፤ ስለ ሱቁም ዘፈነ። ፉከራው በመንገዱ ዳር ቆሞ የሚታይ ነበርና ማንም «የት ዋልህ?» ሊለው አልቻለም። «ቪክትሪ ላፕ» የተባለውን የመጀመሪያ የስቱዲዮ አልበሙን ያወጣው በ2010 ዓ.ም ነው፤ መጋቢት 22 ቀን 2011 ዓ.ም በዚያው በሱቁ ፊት በጥይት ተገደለ።

ሁለተኛው አዳም አሚኔ ዳንኤል ነው። በ1986 ዓ.ም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከሄዱ ወላጆች በአሜሪካ፣ በፖርትላንድ ከተማ ተወለደ። በ2008 ዓ.ም ያወጣው «ካሮላይን» የተባለ የሚያስደስትና ቀላል ዘፈን በአሜሪካ የቢልቦርድ መዝገብ 11ኛ ደረጃ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ዘፈኑ ይህን ያህል ከፍ አላለም። በቍጥር ለሚፈርድ ሰው እንግዲህ የአሚኔ ታሪክ የመውረድ ታሪክ ነው። እኔ ግን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በኅዳር 2009 ዓ.ም ያደረገው ነው። በመላው አሜሪካ በሚታይ የምሽት ቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ያንን ዝነኛ ዘፈኑን እንዲያቀርብ ተጠራ። የሚጠበቅበት መድገም ብቻ ነበር። እርሱ ግን በመጨረሻው ላይ፣ በዚያው ሳምንት አገሩን ሁሉ ሲያነጋግር ስለ ነበረው የፕሬዚዳንት ምርጫ የሚናገር አዲስ ስንኝ ጨመረ። በፖለቲካው መስማማት አለመስማማት ሌላ ነገር ነው። ገበያው የትናንቱን ሲጠይቀው የዛሬውን ጨምሮ መስጠቱን የቅኔ መምህር ቢያየው የሚያርመው አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሥራዎቹም ሁሉም እኩል አይደሉም። በ2009 ዓ.ም የመጀመሪያው አልበሙ ወጣ፤ በ2010 ዓ.ም ያወጣውን «አንድ ነጥብ አምስት» ብሎ ጠራው፤ ሁለተኛ አልበም ለማለት ራሱን ገና አላደረሰምና ስያሜው ትሕትናም ቀልድም አለበት። በነሐሴ 2012 ዓ.ም የወጣው «ሊምቦ» ግን የሌላ ሰው ሥራ ይመስላል። ርእሱ በሁለት ዓለም መካከል መንጠልጠል ማለት ነው፤ ልጅነት አልፎ ሙሉ ሰውነት ሳይደርስ ያለውን ጊዜ ነው የሚናገረው። ለእናቱ የዘፈነው አለ፤ ገና ላልተወለደ ልጅ የተናገረውም አለ። ፉከራው አልቀረም፤ ነገር ግን የሚፎክረው ሰው መፍራት ጀምሯል። በ2015 ዓ.ም ከካይትራናዳ ጋር ያወጣው አልበም ለጭፈራ የሚመች፣ ለጆሮ የሚጣፍጥ ነው፤ እንደ ዕረፍት ካልሆነ እንደ እርምጃ ልቈጥረው አልችልም። በግንቦት 2017 ዓ.ም ያወጣውን አልበም ግን በእንግሊዝኛ «የ13 ወር የፀሐይ ብርሃን» ብሎ ሰየመው። ይህን ቃል በ1950ዎቹ አገራችንን ለጐብኚዎች ለማስተዋወቅ ያወጡት የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው፤ እኛ በአማርኛ «የ13 ወር ጸጋ» እንለዋለን። ልብ በሉ፤ «ካሮላይን» በወጣበት በዚያው በ2008 ዓ.ም መንግሥት ይህን መፈክር ትቶ «ምድረ ቀደምት» የሚለውን ተካ። እኛ የጣልነውን የወላጆቹን አገር ቃል ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው በፖርትላንድ አነሣው። ከ«ካሮላይን» እስከዚህ ርእስ ያለው መንገድ የትኛውም መዝገብ በደረጃ ቍጥር ሊያሳየው የማይችል ርዝመት አለው።

እርግጥ ነው፤ አሚኔ ከ11ኛ ደረጃ ወርዶም በጥበቡ መኖር የሚችልበት አገር ነዋሪ ነው። በዚህ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያለ ወጣት ይህ ዕድል የለውም። እኔ በምኖርባት በባቱ የዘፈን ዳኛው ባጃጅ ነው። አዲስ ዘፈን ከመናኸሪያ እስከ ደምበል ሐይቅ ዳር በባጃጅ ድምፅ ማጉያ ይታወጃል፤ ሾፌሩ በሰለቸው ሳምንት ይሞታል። ማታ ማታ ወጣቶች በስልክ ምት ከፍተው፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ እየተቀባበሉ ሲገጥሙ ይሰማሉ። በአንድ ስንኝ ውስጥ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ቤቱ ሳይሰበር የሚያልፍላቸው አሉ፤ ይህ በሁለቱም ቋንቋ ያልኖረ ሰው የማይችለው ጥበብ ነው። የሚገጥሙበት ነገር ግን ያው መኪናና ወርቅ ነው። በአበባ እርሻ ውስጥ የሚውሉ እናቶችና እኅቶች አሏቸው፤ ጀልባ ይዘው ለዓሣ የሚያድሩ አባቶች አሏቸው፤ የሐይቁን ደሴቶችና የዛይን ሕዝብ ያውቃሉ። እውነተኛ የዋሉበት ቦታ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ለሠርግ የሚያስጠራው ሌላው ነው ብለው ይተዉታል። በጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም በአዳማ ያረፈውን ዓሊ ቢራን በስሙ ያውቁታል። በልጅነቱ በድሬዳዋ ከአፍራን ቀሎ ጋር የጀመረ ሰው በስንት ቋንቋ ዘፍኖ፣ ስንት ጊዜ አዘፋፈኑን ለውጦ እዚያ እንደ ደረሰ የነገራቸው ግን የለም።

የጐደለው መሣሪያ አይደለም፤ ስልኩ አላቸው። «ይህን ባለፈው ሳምንት ሰምተነዋል» የሚላቸው ሰሚ ነው የጐደለው። ጋዜጣና ራዲዮ ስለ ዘፋኞች ብዙ ያወራሉ፤ ወሬው ግን ከቃለ መጠይቅና ከልደት በዓል አያልፍም። ስለ አንድ ግጥም ደካማ ስንኝ በስም ጠርቶ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ እንደ ምቀኛ ይቈጠራል። ለጊዜው ሥራው ሊጀመር የሚችለው በትምህርት ቤት ይመስለኛል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ አላቸው፤ የሥነ ጽሑፍ ክበብም አላቸው፤ ራፕ ግን ከእነዚህ በብዙዎቹ እንደ ጨዋታ እንጂ እንደ ግጥም አይገባም። በሳምንት አንድ ሰዓት ተሰጥቶት፣ ያለፈውን መድገም ተከልክሎ፣ እያንዳንዱ ልጅ የዋለበትን እንዲናገር ቢደረግ ብዙ ወጪ የለበትም። ዳኞቹም ሁለት መምህራን ቢሆኑ ይበቃል፤ አንዱ ኦሮምኛውን፣ አንዱ አማርኛውን ይሰማል።